የኢሜይል ሾርትከት እምቢ ሲል፦ የተጫናችሁት ቁልፍ የት እንደገባ ፈልጉ

ድሬ ላይ ትራንዚት ቢሮ የሚሰራ ሰው ቀኑን ሙሉ ኢሜይል ሲያቀባብል ነው የሚውለው። ከጅቡቲ ወደብ የመጣውን ሰነድ ለአስመጪው፣ የአስመጪውን ጥያቄ መልሶ ለጅቡቲው ወኪል፣ አንድ ኮፒ ደግሞ ለሂሳብ ክፍል። ይሄን ሁሉ በማውዝ እየፈለጉ መሥራት ያደክማል፤ ሾርትከት፣ ማለትም በማውዝ ፋንታ በቁልፍ ትዕዛዝ መስጠት፣ የለመደ ሰው ግን እጁን ከኪቦርዱ ሳያነሳ ይጨርሰዋል። ታዲያ አንድ ከሰዓት ላይ ሾርትከቱ እምቢ ይላል። ጠዋት አዲስ ደብዳቤ ይከፍት የነበረው ቁልፍ ምንም አያመጣም። ሰውዬው ደጋግሞ ይጫናል፣ ኮምፒውተሩን አጥፍቶ ያበራል፣ አሁንም እምቢ። ቀጥሎ የሚመጣው ሐሳብ «ፎርማት ይደረግ» ነው።

አቦ፣ ፎርማት አታድርጉ። ፎርማት ይሄን ችግር ፈታ ከተባለ የፈታው በአጋጣሚ ነው፤ የቋንቋ ሴቲንጉን አብሮ ጠርጎ ስለወሰደው። የአማርኛ መጻፊያችሁን መልሳችሁ ስትጭኑ ችግሩም አብሮ ይመለሳል።

ነገሩን እንዲህ ያዙት። ቁልፉ ራሱ ካልሞተ በቀር የተጫናችሁት ነገር የሆነ ቦታ ይገባል። ወይ ፊደል ሆኖ የሆነ ሳጥን ውስጥ ይጻፋል፣ ወይ የአማርኛ መጻፊያው ይቀበለዋል፣ ወይ ብራውዘሩ ለራሱ ይወስደዋል፣ ወይ ከጀርባ የሚሰራ ሌላ ፕሮግራም ይነጥቀዋል። የእናንተ ሥራ ማን እንደወሰደው ማወቅ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ብዙ ጊዜ የደቂቃ ሥራ ነው።

የላቲን ፊደሎቹን በስማቸው እጽፋቸዋለሁ። «ኤ» ስል የመጀመሪያውን ፊደል ነው፣ «ኢ» ስል አምስተኛውን፣ «አይ» ስል ዘጠነኛውን። የምናገረውም በዋናነት ስለ ዊንዶውስ ነው፤ ማክ የያዛችሁ ብዙውን ጊዜ በኮንትሮል ፋንታ ኮማንድን ተጫኑ።

መጀመሪያ፦ ሳትነካኩ እዩ

ኢሜይላችሁን ክፈቱና እምቢ ያለውን ሾርትከት አንዴ ብቻ ተጫኑ። ደጋግማችሁ አትቀጥቅጡት። አንዴ ተጫኑና ስክሪኑ ላይ ምን እንደተለወጠ እዩ።

የሆነ ቦታ ፊደል ከተጻፈ፣ በተለይ የመፈለጊያው ሳጥን ውስጥ፣ ጠቋሚው ያለቦታው ነው። ሌላ መስኮት ከተከፈተ ብራውዘሩ ወይም ሌላ ፕሮግራም ወስዶታል። ምንም ነገር ካልሆነ ደግሞ ሁለተኛ ሙከራ አለ፦ ኖትፓድ ክፈቱና የሾርትከቱን ፊደል ብቻውን ንኩ። የአማርኛ ፊደል ከወጣ መልሱን አገኛችሁት። የላቲን ፊደል ከወጣ ኪቦርዱም ቋንቋውም ደህና ናቸው፣ ጥፋቱ ኢሜይሉ ወይም ብራውዘሩ ውስጥ ነው። ኖትፓድ ላይም ምንም ካልወጣ የቁልፉ የራሱ ነገር ነው፣ ወደ መጨረሻው ክፍል ዝለሉ።

አንድ ጥያቄ ደግሞ ጨምሩ። እምቢ ያሉት ነጠላ ፊደሎቹ ብቻ ናቸው ወይስ ከኮንትሮል ጋር የሚጫኑትም? ኮንትሮል + ሲ እየገለበጠ፣ ኮንትሮል + ቪ እየለጠፈ፣ ነጠላ ፊደሎቹ ብቻ ዝም ካሉ ከሁለት ነገር አንዱ ነው፦ ወይ ቋንቋው ተቀይሯል፣ ወይ ሾርትከቱ ከሴቲንግ ጠፍቷል። ኮንትሮል አብሮ ሲጫን አብዛኞቹ የአማርኛ መጻፊያዎች ጣልቃ ሳይገቡ ያሳልፉታል። ነጠላ ፊደል ሲሆን ግን ሊጻፍ የመጣ ነው ብለው ይይዙታል።

ቋንቋው፦ እኛ ጋ ቁጥር አንድ ተጠርጣሪ

እንግሊዝኛ ላይ የተጻፉ መመሪያዎች ይሄን ነገር መጨረሻ ላይ በአንድ መስመር ያልፉታል፣ ብዙዎቹ ጭራሽ አያነሱትም። በአማርኛ ለሚጽፍ ሰው ግን መጀመሪያ መታየት ያለበት እሱ ነው።

ጂሜይል ላይ አብዛኛው ሾርትከት አንድ ነጠላ ፊደል ነው። «ሲ» አዲስ ደብዳቤ ይከፍታል፣ «አር» መልስ፣ «ኤ» ለሁሉም መልስ፣ «ኤፍ» ፎርዋርድ፣ «ኢ» አርካይቭ። ኪቦርዱ አማርኛ ላይ ከሆነ «ሲ»ን ስትነኩ ጂሜይል ጋ የሚደርሰው «ች» ነው። ጂሜይል ደግሞ «ች» የሚባል ትዕዛዝ የለውም፤ ዝም ይላል። ተበላሸ አትበሉ፣ ያልገባውን ነገር ስለነገራችሁት ነው።

በነገራችን ላይ ድሬ ውስጥ አንድ ቢሮ ሆነው በቁቤ ኦሮምኛ የሚጽፈው ወይም በሶማሊኛ የሚጽፈው ባልደረባችሁ ይሄ ችግር አይገጥመውም። ሁለቱም በላቲን ፊደል ስለሚጻፉ ኪቦርዱን መቀየር አያስፈልገውም። ስለዚህ «የእሱ ኮምፒውተር ይሰራል፣ የኔ ለምን?» ብላችሁ የእሱን ሴቲንግ ብትገለብጡ ምንም አታገኙም።

ሰዓቱን አስተውሉት ደግሞ። ሾርትከቱ የሚሞተው አብዛኛውን ጊዜ የአማርኛ ደብዳቤ ጽፋችሁ ከላካችሁ በኋላ ነው። ደብዳቤው ሄዷል፣ እናንተ ወደ ዝርዝሩ ተመልሳችኋል፣ ኪቦርዱ ግን አማርኛ ላይ ቀርቷል።

ለማየት ቀላል ነው። ታች በቀኝ በኩል ሰዓቱ አጠገብ የቋንቋ ምልክት አለ። አማርኛ ካሳየ የዊንዶውስ ቁልፍን ይዛችሁ ስፔስ ንኩ፤ እንግሊዝኛ እስኪመጣ ድረስ። ኪማን የሚባለውን መጻፊያ የምትጠቀሙ ከሆነ የኪማንን አይከን ጠቅ አድርጋችሁ እንግሊዝኛውን ምረጡ። እንደ ፓወር ግዕዝ ያለ የቆየ መጻፊያ ካላችሁም ሰዓቱ አጠገብ ካለው አይከኑ አጥፉት። አንዳንዱ አይከን ወደ ላይ በምታሳየው ትንሽ ቀስት ውስጥ ተደብቆ ነው የሚገኘው፣ እሷን ከፍታችሁ እዩ። ሁለት የአማርኛ መጻፊያ በአንድ ኮምፒውተር ላይ የጫናችሁ ካላችሁ ደግሞ፣ እባካችሁ አንዱን አውጡት። አንዱን አጥፍታችሁ ሌላው ሲሰራ ምን እየሆነ እንደሆነ ለማወቅ ያስቸግራል።

ይሄን በየቀኑ ከማድረግ ዊንዶውስ ለእያንዳንዱ መስኮት የተለያየ ቋንቋ እንዲይዝ ማድረግ ይሻላል። ይህ ነገር ከመጀመሪያው እንዲሁ ተከፍቶ ቢመጣ ስንት ሰው በተገላገለ ነበር። መንገዱ ይሄ ነው፦

1. ሴቲንግስ ክፈቱ፤ የዊንዶውስ ቁልፍ + አይ።
2. ዊንዶውስ 11 ላይ «ታይም ኤንድ ላንጉዌጅ» ከዚያ «ታይፒንግ»፤ ዊንዶውስ 10 ላይ «ዲቫይስስ» ከዚያ «ታይፒንግ»።
3. «አድቫንስድ ኪቦርድ ሴቲንግስ» የሚለውን ንኩ።
4. ለእያንዳንዱ መስኮት የተለያየ የመጻፊያ ዘዴ ልጠቀም የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አድርጉ።

ከዚያ በኋላ ወርድ ላይ አማርኛ፣ ኢሜይሉ ላይ እንግሊዝኛ አድርጋችሁ ብትተዉት እያንዳንዱ የራሱን ይይዛል። ግን ልብ በሉ፣ የሚለየው በመስኮት እንጂ በታብ አይደለም። ጂሜይልን ከሌሎች ታቦች ጋር አንድ ክሮም ውስጥ ካጨቃችሁት አንዱ ታብ ላይ የቀየራችሁት ሌላውንም ይነካዋል። የጂሜይሉን ታብ ጎትታችሁ አውጡና ለብቻው መስኮት ስጡት። ከዊንዶውስ የቋንቋ ዝርዝር ውጭ በራሳቸው የሚሰሩ የቆዩ መጻፊያዎችን ይሄ ሴቲንግ አይገዛቸውም፤ እነሱን አሁንም በእጅ ነው።

ጂሜይል የራሱ የአማርኛ መጻፊያ እንዳለው ብዙ ሰው አያውቅም። ሴቲንግ ውስጥ «ጀነራል» ላይ፣ ቋንቋ ከሚለው ሥር «ኢኔብል ኢንፑት ቱልስ» የሚል አለ፣ እዚያ አማርኛን መጨመር ይቻላል። ደብዳቤ በሚጻፍበት ሳጥን ውስጥ ስለሚሰራ የኮምፒውተሩን ኪቦርድ ሳትነኩ አማርኛ ትጽፋላችሁ። ለአጭር መልስ ጥሩ ነው። ረጅም ደብዳቤ ለሚጽፍ ግን የለመደውን መጻፊያ ባይተው ይሻላል፣ ፍጥነቱ አይመጣም።

ሳታውቁት ቋንቋ የሚቀይርባችሁ ነገርም አለ። ዊንዶውስ ላይ የግራ አልት + ሺፍት ቋንቋ ይቀይራል። እጃችሁ ሌላ ሾርትከት ልትጫኑ ሄዶ ሁለቱን ብቻ ነክቶ ከተመለሰ ቋንቋው ተቀየረ ማለት ነው፤ እናንተም አላያችሁም። ይሄን ለማጥፋት እዚያው «አድቫንስድ ኪቦርድ ሴቲንግስ» ውስጥ «ኢንፑት ላንጉዌጅ ሆት ኪስ» የሚለውን ክፈቱ፣ «ቼንጅ ኪ ሲኩዌንስ» ንኩ፣ ሁለቱንም ቦታ «ኖት አሳይንድ» አድርጉት። በዊንዶውስ + ስፔስ መቀየር አሁንም ይሰራል። ያኛው በስህተት አይነካም፣ ለዚህ ነው የምመርጠው።

ሌላው የኛ አካባቢ ነገር የፈረንሳይኛ ኪቦርድ ነው። በጅቡቲ በኩል የመጣ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝታችሁ ከሆነ ቁልፎቹን እዩዋቸው። ላይኛው የፊደል መስመር በ«ኪው» ፋንታ በ«ኤ» የሚጀምር ከሆነ የፈረንሳይኛ ነው። ዊንዶውሱ ላይ ደግሞ የተመረጠው እንግሊዝኛ ሊሆን ይችላል። ያኔ «ኤ» የተጻፈበትን ስትጫኑ ኮምፒውተሩ «ኪው» ነው የሚሰማው፣ «ዜድ» ስትሉት «ደብልዩ»፣ «ኤም» ደግሞ ጭራሽ ሌላ ቦታ ነው ያለው። ለሁሉም መልስ ልሰጥ ብላችሁ «ኤ» ብትነኩ ምንም አይመጣም። ከሁለት አንዱን ምረጡ፦ ወይ የዊንዶውሱን ኪቦርድ ፈረንሳይኛ አድርጉትና ቁልፉ ላይ ያለው ከሚወጣው ጋር ይግጠም፣ ወይ ቁልፉ ላይ የተጻፈውን ረስታችሁ በእንግሊዝኛው አቀማመጥ ልመዱ። ሳያይ የሚጽፍ ሰው ሁለተኛው ይቀለዋል። ቁልፍ እያየ የሚጽፍ ሰው ግን አይሞክረው። ፈረንሳይኛውን ከመረጣችሁ ምልክቶቹም ቦታ እንደሚቀይሩ አስታውሱ፦ የጥያቄ ምልክቱ፣ መስመሩ (/)፣ የቁጥር ምልክቱ (#) ሁሉ።

ጠቋሚው የት ነው ያለው?

ነጠላ ፊደል ትዕዛዝ የሚሆነው ጠቋሚው የሚጻፍበት ቦታ ውስጥ ካልሆነ ብቻ ነው። የመፈለጊያ ሳጥን ውስጥ ከሆናችሁ፣ ወይ ያልተላከ ደብዳቤ ውስጥ ከሆናችሁ፣ «ኢ» ስትነኩ «ኢ» ይጻፋል፣ ያው ነው። ኢስኬፕን አንዴ ንኩ፣ ወይ ከዝርዝሩ አጠገብ ባዶ ቦታ ላይ ጠቅ አድርጉ፣ ከዚያ ሞክሩ።

የዚህ ተቃራኒ ነው የሚያስደነግጠው። ደብዳቤ ውስጥ የምትጽፉ መስሏችሁ ጠቋሚው ግን እዚያ የለም፤ ሾርትከቱ በርቷል፤ እናንተ «ሰላም» ለማለት በላቲን ፊደል መጻፍ ትጀምራላችሁ። «ኤስ» የተከፈተው ደብዳቤ ላይ ኮከብ ለጠፈ። «ኢ» አርካይቭ አደረገው፣ ከዓይናችሁ ጠፋ። ሰላምታችሁን ሳትጨርሱ ደብዳቤው የለም! ከዚያ «ኢሜይሌ በራሱ ይጠፋል፣ ቫይረስ ነው» ይባላል። ቫይረስ አይደለም። ጂሜይል ላይ ወዲያው «ዜድ» ብትነኩ የመጨረሻውን ድርጊት ይመልሳል። ከቆየ ደግሞ በግራ በኩል «ኦል ሜይል» ውስጥ ፈልጉት፣ አርካይቭ የተደረገ ነገር አይሰረዝም፣ ከኢንቦክስ ብቻ ነው የሚወጣው። ተንደርበርድ የሚባለው የኢሜይል ፕሮግራም ላይም እንዲሁ ነው፦ «ኤ» አርካይቭ ያደርጋል፣ «ጄ» ደግሞ ደብዳቤውን ጀንክ፣ ማለትም የማይፈለግ፣ ይለዋል። ከደንበኛ የሚጠበቅ ደብዳቤ ጠፋ ከተባለ መጀመሪያ እነዚህን ሁለት ፎልደሮች ክፈቱ።

ጂሜይል፦ መጀመሪያውኑ ጠፍቶ ይሆናል

ጂሜይል አዲስ ሲከፈት የነጠላ ፊደል ሾርትከቶቹ ጠፍተው ነው የሚመጡት። ለማብራት፦

1. ላይ በቀኝ ያለውን ጥርሳማ ምልክት ንኩ፣ ከዚያ «ሲ ኦል ሴቲንግስ»።
2. «ጀነራል» በሚለው ገጽ ወደታች ውረዱ፣ «ኪቦርድ ሾርትከትስ» እስኪመጣ።
3. «ኦን» የሚለውን ምረጡ።
4. እስከ ገጹ መጨረሻ ውረዱና «ሴቭ ቼንጅስ» ንኩ።

አራተኛውን የሚረሳ ሰው ብዛቱ! ሳይሴቭ ወጥቶ «አብርቼው ነበር እኮ» ይላል። ሴቭ ካደረጋችሁ በኋላ የጥያቄ ምልክቱን፣ ማለትም ሺፍትን ይዛችሁ የጥያቄ ምልክት ያለበትን ቁልፍ፣ ተጫኑ። የሾርትከቶቹ ሙሉ ዝርዝር ይመጣል። ዝርዝሩን ዝጉና «ሲ»ን ንኩ፤ አዲስ ደብዳቤ ከከፈተ በርቷል። ካልከፈተ ወይ አልበራም፣ ወይ ቋንቋው አሁንም አማርኛ ነው።

ይሄ ሴቲንግ የሚቀመጠው በአካውንቱ ላይ ነው፣ በኮምፒውተሩ ላይ አይደለም። ስለዚህ የግላችሁ ጂሜይል ላይ አብርታችሁ የቢሮው ላይ ካልነካችሁት፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ስትሻገሩ ሾርትከቱ ይሞታል። ለየብቻ አብሩት። ጥሩ ጎኑ ደግሞ አንዴ ያበራችሁት በሌላ ኮምፒውተር ብትገቡም ይከተላችኋል።

አንዳንድ ነገር ሴቲንጉ ጠፍቶም ይሰራል፤ ኮንትሮል + ኢንተር ደብዳቤ መላክ ከነሱ አንዱ ነው። እሱ እየሰራ «ሲ» ካልሰራ ሴቲንጉን ጠርጥሩ። መቼም ኮንትሮል + ኢንተር ሳያስቡት የሚላክ ደብዳቤም ያመጣልና፣ እዚያው «ጀነራል» ላይ «አንዱ ሴንድ» የሚለውን ከ5 ሰከንድ ወደ 30 ሰከንድ ከፍ አድርጉት። ዋጋ ያልተሞላበት ፕሮፎርማ ለደንበኛ ሊሄድ ሲል ታመሰግኑኛላችሁ።

ሁለት ፊደል ተከታትለው የሚጫኑ አሉ፤ «ጂ» ቀጥሎ «አይ» ወደ ኢንቦክስ፣ «ጂ» ቀጥሎ «ቲ» ወደ ተላኩት። እነዚህን አብራችሁ አትጫኗቸው። አንዱን ነክታችሁ ልቀቁ፣ ከዚያ ሌላውን፣ ብዙ ሳትቆዩ።

ኔትወርኩ ሲዳከም ደግሞ ገጹ ግማሹ ተከፍቶ ዝርዝሩ ይታያል፣ ሾርትከቱ ግን ገና አልተጫነም። ትንሽ ጠብቁ፣ ካልሆነ ኤፍ5 ንኩ። ድሮ ኔት ሲደክም ብዙዎቻችን ቀላሉን የኤችቲኤምኤል ገጽ እንከፍት ነበር፤ እሱ ላይ ሾርትከት የሚባል ነገር አልነበረም። ጉግል ራሱ በ2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ስለዘጋው አሁን አትፈልጉት።

ቁልፎቹን በራሱ ምርጫ የቀየረ ሰውም አለ። «አድቫንስድ» ከሚለው ገጽ «ከስተም ኪቦርድ ሾርትከትስ» ከበራ፣ ሴቲንጉ ውስጥ ለብቻው «ኪቦርድ ሾርትከትስ» የሚል ገጽ ይጨመራል። ሌላ ሰው ይጠቀምበት የነበረ የቢሮ አካውንት ከተረከባችሁ እዚያ ገብታችሁ ወደ ቀድሞው መልሱት። እንደውም የአማርኛ ችግሩ ያማረራችሁ ሰዎች እዚህ ጋ ተራቀቁ፤ ለእያንዳንዱ ትዕዛዝ ሁለተኛ ቁልፍ መስጠት ስለሚቻል፣ በቋንቋ የማይቀየር ቁልፍ መሞከር ትችላላችሁ።

አውትሉክ፦ የቱ አውትሉክ?

አውትሉክ ላይ ችግሩ ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። ፕሮግራሙ ሁለት ነው፦ የድሮው፣ ላይ በግራ «ፋይል» የሚል ያለው፣ እና አዲሱ፣ ከድረ ገጹ ጋር የሚመሳሰለው። አንድ ቀን አዲሱን ሞክሩ የሚል ማብሪያ ነክታችሁ ከተሻገራችሁ የለመዳችኋቸው ሁሉ አብረው ላይሻገሩ ይችላሉ። አዲሱ ላይና ድረ ገጹ ላይ ሴቲንግስ፣ «ጀነራል»፣ «አክሰሲቢሊቲ» ገብታችሁ የትኛውን የሾርትከት ዓይነት እንደምትፈልጉ ምረጡ፤ የአውትሉክ፣ የጂሜይል፣ የያሁ እያለ ይዘረዝራል፤ ጭራሽ ማጥፋትም አለ። ጠፍቶ ከተገኘ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

አውትሉክን የሚያስወቅሰው ኮንትሮል + ኤፍ ነው። ዓለም ሁሉ ለመፈለግ ይጠቀምበታል፤ የድሮው አውትሉክ ላይ ግን ፎርዋርድ ነው። የደረሰኝ ቁጥር ሊፈልግ የተጫነው ሰው የፎርዋርድ ደብዳቤ ሲከፈትበት «ተበላሸ» ቢል አይፈረድበትም። አልተበላሸም፣ እንዲሁ ነው የተሰራው። በተከፈተ ደብዳቤ ውስጥ ለመፈለግ ኤፍ4፣ በኢንቦክሱ ውስጥ ለመፈለግ ኮንትሮል + ኢ።

ኮንትሮል + ኤንም እንዲሁ ያሳስታል። ደብዳቤ ላይ ሆናችሁ አዲስ ደብዳቤ ይከፍታል፣ ካላንደር ላይ ከሆናችሁ ግን ቀጠሮ ነው የሚከፍተው። የትም ብትሆኑ ደብዳቤ ብቻ እንዲከፍትላችሁ ኮንትሮል + ሺፍት + ኤም ልመዱ። ድረ ገጽ ላይ በክሮም ከሆናችሁ ደግሞ ኮንትሮል + ኤን የብራውዘሩ ነው፣ አዲስ መስኮት ይከፍታል፣ ከእሱ ጋር አትታገሉ።

የድሮው ላይ ኮንትሮል + ኢንተር ካልላከላችሁ «ፋይል»፣ «ኦፕሽንስ»፣ «ሜይል» ግቡና ደብዳቤ ስለመላክ የሚያወራው ክፍል ውስጥ ኮንትሮል + ኢንተር ይላክ የሚለው ላይ ምልክት መኖሩን እዩ። ያለዚያም አልት + ኤስ ይልካል።

ይሄ ሁሉ ሆኖ እምቢ ካለ ተጨማሪ ፕሮግራሞቹን ጠርጥሩ። አውትሉክን ዝጉት፣ ኮንትሮልን ይዛችሁ ሳትለቁ አይከኑን ክፈቱ። በሴፍ ሞድ ልክፈተው ወይ ብሎ ይጠይቃል፣ እሺ በሉት። እዚያ ሾርትከቱ ከሰራ ጥፋተኛው አውትሉክ ላይ የተጫነ አድኢን ነው። «ፋይል»፣ «ኦፕሽንስ»፣ «አድ ኢንስ» ገብታችሁ አንድ በአንድ እያጠፋችሁ ሞክሩ።

ተንደርበርድ ላይ ያሉት ይሄን ይዘው ይሂዱ፦ ፎርዋርድ ኮንትሮል + ኤል ነው፣ ለሁሉም መልስ ኮንትሮል + ሺፍት + አር። አድኦን ከተጠረጠረ «ሄልፕ» ውስጥ «ትራብልሹት ሞድ» አለ፣ ያው ሴፍ ሞድ ማለት ነው።

ሌላ ፕሮግራም ሲነጥቅ

ብራውዘር ላይ ከሆናችሁ ቀላሉ ሙከራ በኢንኮግኒቶ መስኮት መግባት ነው፤ ክሮም ላይ ኮንትሮል + ሺፍት + ኤን። በዚያ መስኮት ኤክስቴንሽኖች፣ ማለትም ብራውዘሩ ላይ የተጫኑ ትናንሽ ተጨማሪ ፕሮግራሞች፣ ካልፈቀዳችሁላቸው በቀር አይሰሩም። እዚያ ሾርትከቱ ከሰራ ከኤክስቴንሽኖቻችሁ አንዱ ነው የወሰደው። በተለይ ብራውዘሩን በኪቦርድ ብቻ ለመንዳት የሚጫኑት፣ እንደ ቪሚየም ያሉት፣ ጂሜይልም የሚጠቀምባቸውን «ጄ»ን እና «ኬ»ን ለራሳቸው ነው የሚይዙት። ኤክስቴንሽኑን ሳታወጡ ለጂሜይል ብቻ እንዳይሰራ ማድረግ ይቻላል። የክሮም ኤክስቴንሽኖች የትኛውን ቁልፍ እንደያዙ ለማየት ሦስቱን ነጥብ፣ «ኤክስቴንሽንስ»፣ «ማኔጅ ኤክስቴንሽንስ»፣ በግራ በኩል «ኪቦርድ ሾርትከትስ»።

ከብራውዘር ውጭም አለ። የስክሪን ፎቶ የሚያነሱ፣ ስክሪን የሚቀርጹ፣ የግራፊክስ ካርድ ፕሮግራሞች የራሳቸውን ቁልፍ ይይዛሉ፤ የኤኤምዲ አልት + አርን፣ የኤንቪዲያ አልት + ዜድን ሊይዝ ይችላል። ሰዓቱ አጠገብ ያሉትን አንድ በአንድ ዝጉና በየመካከሉ ሞክሩ። አሰልቺ ነው፣ ግን ይገኛል።

ኪቦርዱ ራሱ

የዊንዶውስ የእርዳታ ሴቲንጎች መጀመሪያ። ሺፍትን አምስት ጊዜ ተከታታይ ከነካችሁ «ስቲኪ ኪስ» ይጠይቃችኋል፤ ሳያነቡ እሺ ያሉት ሰዎች ኮንትሮላቸው ተጣብቆ የቀረ ይመስላቸዋል። የቀኙን ሺፍት ለ8 ሰከንድ ይዞ መቆየት ደግሞ «ፊልተር ኪስ»ን ይጠራል፤ እሱ ሲበራ ቶሎ ቶሎ የምትነኩትን ቁልፍ አይቆጥረውም፣ ኪቦርዱ የደከመ ነው የሚመስለው። ክንዱን ኪቦርዱ ላይ አሳርፎ ስልክ የሚያወራ ሰው ይሄን ሁለተኛውን ሳያውቅ ሊጠራው ይችላል። ዊንዶውስ 11 ላይ ሴቲንግስ፣ «አክሰሲቢሊቲ»፣ «ኪቦርድ» ገብታችሁ አጥፏቸው። ካፕስ ሎክም መጥፋቱን እግረ መንገዳችሁን እዩ።

ኤፍ9 ወይም ኤፍ4 ስትሉ ድምፅ የሚጨምር፣ ብርሃን የሚቀንስ ላፕቶፕ ከሆነ «ኤፍኤን» የሚለውን ቁልፍ አብራችሁ ተጫኑ። በብዙ ላፕቶፖች ኤፍኤን + ኢስኬፕ ለዘለቄታው ይቀይረዋል።

ከዚያ እውነተኛው ብልሽት። የድሬ አቧራና ላብ ኪቦርድ አይወድም፣ በተለይ ቬንትሌተሩ መስኮቱ አጠገብ ሆኖ የውጭውን አቧራ ወደ ጠረጴዛው ሲያስገባ። ለማረጋገጥ ዊንዶውስ + ኮንትሮል + ኦ ተጫኑ፣ ስክሪኑ ላይ ኪቦርድ ይመጣል። ካልመጣ ከእነዚህ ቁልፎች አንዱ ነው የሞተው ማለት ነው፤ ስታርት ውስጥ በማውዝ ፈልጋችሁ ክፈቱት። አሁን የእጃችሁን ኪቦርድ ስትነኩ ስክሪኑ ላይ ያለው አብሮ ይበራል። የግራ ኮንትሮልን ንኩ፣ የቀኙን ንኩ። አንዱ ካልበራ አገኛችሁት። ሳትነኩት የሚበራ ካለ ተጣብቋል። ላፕቶፑን አጥፉ፣ ከቻርጀር ንቀሉ፣ ገልብጣችሁ ቀስ ብላችሁ አራግፉ፣ በለስላሳ ብሩሽ በቁልፎቹ መሐል ጥረጉ። ውኃ ወይም እርጥብ ጨርቅ አታስጠጉ።

ካልዳነ፣ ላፕቶፑን ከማስፈታታችሁ በፊት እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ ሄዳችሁ ርካሽ የዩኤስቢ ኪቦርድ ግዙና ሰክታችሁ ሞክሩ። በእሱ ሁሉም ሾርትከት ከሰራ የላፕቶፑ ኪቦርድ ነው ችግሩ። ቴክኒሺያኑ ጋ ስትሄዱ «ኢሜይሌ አይሰራም» አትበሉት፣ ወዲያው ፎርማት ይጀምራል። «የግራ ኮንትሮል ቁልፌ ሞቷል፣ ሌላ ኪቦርድ ሰክቼ አረጋግጫለሁ» በሉት።